«ሰውዬ» የተባለበት ቀን፦ ከፋብሪካ ወደ መንግሥት ቢሮ የመጣች የቡድን መሪ ጉዳይ

መነሻ

ስለ አለቃ ሲወራ ብዙ ጊዜ ሁለት ቃል ይበቃናል፤ «ቁጡ ነው» ወይም «ደግ ነው»። ከዚህ በታች በተመዘገበው ጉዳይ ሁለቱም ቃል አልሠሩም። አንዲት ሴት በግል ፋብሪካ ለአምስት ዓመት የፈረቃ ኃላፊ ሆና ሠርታ ተመስግና ወጣች። ያንኑ ጠባይና ያንኑ አነጋገር ይዛ ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በቡድን መሪነት ተቀጠረች። በአራት ወር ውስጥ ክፍሉ ቆመ ማለት ይቻላል። ሰዎቹ በስም አልተጠቀሱም፤ ፋብሪካውንና መሥሪያ ቤቱን የሚያስለይ ዝርዝርም ወጥቷል።

ክፍሉ የመዝገብ ቤትና የመስኮት አገልግሎት ቡድን ነው። ሠራተኞቹ 11 ናቸው፤ አራቱ መስኮት ላይ፣ ሦስቱ መዝገብ ቤት፣ ሁለቱ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ላይ ይሠራሉ፤ አንዲት የጽሕፈት ሠራተኛና አንድ ተላላኪ አሉ። ባለጉዳይ መጥቶ ጉዳዩን ይናገራል፣ የመስኮቱ ሠራተኛ የፋይል ቁጥር ይጠይቃል፣ መዝገብ ቤት ፋይሉን ያወጣል፣ ውሳኔ የሚፈልግ ከሆነ ወደ ባለሙያ ይመራል። ከመዝገብ ቤቱ ሠራተኞች አንዱ በዚያው ክፍል 27 ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እዚህም እንዲሁ እንበላቸው።

ፋብሪካው ውስጥ ለምን ሠራ?

ኃላፊዋ የመጣችው ከማካሮኒ ማሸጊያ መስመር ነው። በአንድ ፈረቃ 18 ሠራተኞች ነበሯት። 500 ግራም የሚይዝ ፌስታል ይታሸጋል፣ 20ው አንድ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ ካርቶኑ በፕላስተር ይዘጋል፣ 10 ኪሎ ሆኖ ይደረደራል። እሷ የምትቆመው መስመሩ መጨረሻ ላይ ነው። በየሰዓቱ የካርቶን ቁጥር ነጭ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። የፌስታሉ አፍ ሳይጣበቅ ካለፈ ከዚያው ሆና ትጮሃለች፤ የማሽኑ ሠራተኛ ሙቀቱን ያስተካክላል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ነገሩ ያልቃል።

ጩኸቷን ማንም እንደ ስድብ አልቆጠረውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ማሽኑ ራሱ ስለሚጮህ እዚያ ቤት ያልጮኸ አይሰማም። ስህተቱም ለሁሉም የሚታይ ነው፤ የተቀደደ ፌስታል አያከራክርም።

ከጩኸቱ ኋላ ደግሞ እውነተኛ ሥልጣን ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን 60 የሥራ ቀን ያደርገዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው የማይመጥን ሰው ያለ ብዙ ወረቀት ይሰናበታል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደ ሠራተኛም የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ሊሰናበት ይችላል። ትርፍ ሰዓት የሚመድበው የፈረቃ ኃላፊ ነው፤ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የቤት ኪራይ የደረሰበት፣ ልጁ የታመመበት ሠራተኛ ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ትርፍ ሰዓቱን ለዚያ ሰው ትሰጣለች። ስለዚህ ሠራተኞቹ ይፈሯታል፣ ይወዷታልም። አነጋገሯ ሻካራ ነው፣ እጇ ግን ባዶ አይደለም።

ያልታየ ወጪም ነበር። በዓመት ውስጥ ከ18ቱ ከግማሽ በላይ ይቀየሩ ነበር። ፋብሪካው ይህን ከእሷ ጠባይ ጋር አላያያዘውም፤ በሩ ላይ ሁልጊዜ ሥራ ፈላጊ አለ፣ ማሸግ ደግሞ በሁለት ቀን ይለመዳል። በግል ድርጅት የተከፋ ሠራተኛ ይለቃል። በመንግሥት ቤት የተከፋ ሠራተኛ ይቀመጣል። ጉዳዩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ እሷ ግን ይህን ስታውቅ አራት ወር አልፎ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ቢሮ በገባች በሦስተኛው ቀን ነጭ ሰሌዳ አስሰቀለች። በየመስኮቱ የተስተናገደ ባለጉዳይ ቁጥር ማታ ማታ ይጻፍበት ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ቁጥሩ ጨመረ፤ ኃላፊዋም ደስ አላት። በሦስተኛው ሳምንት የባለጉዳይ አቤቱታም ጨመረ።

የሆነው ይህ ነው። ማካሮኒ ሁሉ አንድ ነው፤ ጉዳይ ግን አንዱ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ ሌላው ሦስት ቀን ይፈጃል። ሰሌዳው የሚቆጥረው ሰው ነው እንጂ ያለቀ ጉዳይ አይደለም። የመስኮት ሠራተኞቹ ይህ ወዲያው ገባቸው። ቀላሉን ተቀብለው ከባዱን «ነገ ና» ማለት ጀመሩ። ነገ የመጣው ሰው እንደ አዲስ ባለጉዳይ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ በተመላለሰ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ሦስት ሆኖ ይታያል። ሠራተኞቹ አላጭበረበሩም፤ የተጠየቁትን ነው የሰጡት።

ሁለተኛው ስህተት ከከተማዋ ጋር የተያያዘ ነው። የድሬዳዋ አስተዳደር የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። መስኮት ላይ የሚመጣው ሰው ግን ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ብቻ የሚናገር ሊሆን ይችላል። አንዲት የመስኮት ሠራተኛ ሶማልኛ ትናገራለች፤ ከጎኗ ባለው መስኮት የተቸገረ ባለጉዳይ ሲኖር ዞር ብላ ታስተረጉማለች። ኃላፊዋ ቋንቋውን አትሰማም። ሲሳሳቁ ታያለች፣ እጅ ሲወራጭ ታያለች። «ወሬውን ከሥራ በኋላ» አለቻት፣ ሰልፍ ላይ ባለው ሰው ፊት። ሠራተኛዋ መልስ አልሰጠችም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ማስተርጎም ተወች። በሥራ መዘርዝሯ ላይ አስተርጓሚ የሚል የለም፤ ማንም ሊያስገድዳት አይችልም። ሶማልኛ ተናጋሪው ባለጉዳይ የራሱን አስተርጓሚ ከውጭ ይዞ እንዲመጣ ተገደደ፤ በር ላይ ለዚህ ገንዘብ የሚቀበሉ ልጆችም ብቅ አሉ።

«ሰውዬ»

ሦስተኛው ወር ላይ አንድ ባለጉዳይ የድሮ ፋይል ጠይቆ ግማሽ ሰዓት ጠበቀ። ኃላፊዋ ከመስኮቱ በኩል ወደ መዝገብ ቤቱ በር ሄዳ፣ ወደ ሃያ የሚጠጋ ሰው እየሰማ፣ «ሰውዬ፣ ፋይሉን ታመጣለህ ወይስ አታመጣም? ሰው እኮ አቆምክ!» አለች።

እዚህ ላይ የአገሩን ንግግር ማወቅ ያስፈልጋል። ድሬ ላይ «አንተ» ማለት ንቀት አይደለም። ታላቅን፣ አንዳንዴም አባትን የሚያህል ሰው «አንተ» ይባላል፤ «አቦ» ተጨምሮበት እንዲያውም ፍቅር ነው። ከሌላ ክልል የመጣ አለቃ መጀመሪያ የሚሳሳተው ይህንን ንቀት አድርጎ ሲወስደው ነው። እሷ ግን የከተማዋ ልጅ ናት፤ ይህን ታውቃለች። ያጠፋችው በ«አንተ» ሳይሆን በ«ሰውዬ» ነው። «ሰውዬ» ስም የሌለው ሰው ነው። 27 ዓመት «ጋሼ» የተባለ ሰው፣ ጠዋት ሰላም ሳይባል ውሎ፣ በባለጉዳይ ፊት ስም አልባ ሆነ።

ጋሼ የመለሱት ሁለት ቃል ነው። «ቅጽ አምጪ።»

የፋይል መጠየቂያ ቅጽ ድሮም ነበር፤ ማንም አይሞላውም ነበር እንጂ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ ያለ ቅጽ ፋይል አላወጡም። ቅጹ ሲመጣ ቁጥሩን ያያሉ፣ ቁጥሩ በሚያመለክተው መደርደሪያ ላይ ይፈልጋሉ፣ ከሌለ «በቦታው አልተገኘም» ብለው ፈርመው ይመልሳሉ። ይህ መቶ በመቶ ትክክለኛ አሠራር ነው። ችግሩ ከዓመታት በፊት መደርደሪያዎቹን ምስጥ ሲበላቸው ፋይሎቹ ወደ ኋላ ክፍል ተዛውረዋል፤ ቦታቸው ሲቀየር ቁጥራቸው አልተቀየረም፣ የተቀየረበትም አልተጻፈም። የት እንዳሉ የሚያውቀው የጋሼ ጭንቅላት ብቻ ነው። ቀድሞ በ10 ደቂቃ ይወጣ የነበረው የድሮ ፋይል ማደር ጀመረ፤ አንዳንዱ ከናካቴው ጠፋ ተባለ።

ኃላፊዋ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠቻቸው። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የዲሲፕሊን ቅጣቶችን ቀላልና ከባድ ብሎ ይከፍላቸዋል። የቃል ማስጠንቀቂያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና እስከ አንድ ወር ደመወዝ የሚደርስ መቀጮ ቀላል ናቸው፤ ከዚያ በላይ ያሉት፣ ስንብትን ጨምሮ፣ ከባድ ናቸው፤ ለዚያ ደግሞ ማስረጃ፣ ክስና የሠራተኛው መልስ ያስፈልጋል። የጋሼ ጥፋት ምን ተብሎ ይጻፋል? ቅጽ መጠየቅ? መመሪያው የሚለውን ማድረግ? ማስጠንቀቂያው ወደ ግል ማኅደራቸው ገባ፣ ሌላ ምንም አልተከተለም። ፋብሪካ ውስጥ በሁለት ደቂቃ የሚያልቀው ነገር እዚህ ማብቂያ አጣ።

በአራተኛው ወር መጨረሻ ከ11ዱ ሠራተኞች ዘጠኙ የፈረሙበት አቤቱታ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ገባ፤ ግልባጭ ለሰው ሀብት። በደብዳቤው ላይ «ጩኸት» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። «በሰው ፊት» የሚለው ሐረግ ስድስት ጊዜ።

ወደ ሌላው ጫፍ

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጠርቶ «ለስለስ በይ» አላት። ምክሩ ይኸው ነበር። እሷም ለስለስ ማለትን ዝም ማለት አድርጋ ወሰደችው። ሰሌዳውን አወረደች። ማስጠንቀቂያ መጻፍ አቆመች። የዕረፍት ፈቃድ የጠየቀ ሁሉ ይፈረምለታል። ያረፈደ ሰው አይጠየቅም።

ይህ ስድስት ሳምንት ቆየ፤ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር ማለት ይቻላል። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ለማንኛውም አለቃ ፈተና ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መዝገብ ቤት በዚያ ሰዓት ምድጃ ነው። ቀትር ላይ ጫትም ገበያ ይደርሳል። ጠያቂ በሌለበት ከምሳ የሚመለሰው ሰው ቁጥር በየሳምንቱ ቀነሰ፤ ከሰዓት በኋላ ከአራቱ መስኮቶች ሁለቱ ክፍት ሆነው ቀሩ። እነዚያን የያዙት ሁለት ትጉህ ሠራተኞች ናቸው። አቤቱታው ላይ ፈርመው የነበሩት እነሱ ራሳቸው «ድሮ ትጮህ ነበር፤ አሁን ጭራሽ የለችም» ማለት ጀመሩ።

የሰዎችን የእርስ በርስ ግንኙነት የሚያጠኑ ባለሙያዎች የአለቃን ጠባይ በአንድ መስመር ላይ አያስቀምጡትም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቲሞቲ ሊሪ በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የሰዎችን ግንኙነት በሁለት መስመር ለክቶታል፤ አንዱ የመምራት መጠን ነው፣ ሌላው የቅርበት መጠን። ሁለቱ ተነጣጥለው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ኃላፊዋ ፋብሪካ ውስጥ ሁለቱም ነበራት። ቢሮ ስትገባ መምራቱ እንዳለ ሆኖ ቅርበቱ ጠፋ፤ ትርፍ ሰዓት የምትሰጠው ሰው የለም፣ የማንንም ቤት አታውቅም። «ለስለስ በይ» ስትባል ደግሞ መምራቱን ተወችው፤ ቅርበቱ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ በስድስቱ ሳምንታት ሁለቱም አልነበሩም። ኩርት ሌዊን፣ ሮናልድ ሊፒትና ራልፍ ዋይት በ1939 ባወጡት የታወቀ ሙከራ ጭንብል የሚሠሩ የአሥር ዓመት ልጆችን በተለያየ ዓይነት መሪ ሥር አስቀምጠው ነበር። አዛዡ መሪ ከክፍሉ ሲወጣ ሥራው ይወርዳል፤ ልቅ አድርጎ የሚተወው መሪ ሥር ደግሞ ሥራው ከመነሻውም ትንሽ ነው። የአሜሪካ ልጆች የድሬ መስኮት ሠራተኛ አይደሉም፤ ቢሆንም ዝም ማለት ደግነት እንዳልሆነ ለማየት ይበቃል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ከዚህ በኋላ የሰው ሀብት ባለሙያ ለ10 የሥራ ቀን ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ። የሠራው ሥራ ቀላል ነበር። ኃላፊዋ ለሠራተኛ የተናገረችውን እያንዳንዱን ንግግር በአራት ዓምድ መዘገበ፤ ሰላምታ፣ ጥያቄ፣ እርማት፣ ምስጋና። ከጎኑ «በሰው ፊት» ወይም «ለብቻ» ብሎ ይጽፋል። ወረቀቱን ስታየው የሰላምታው ዓምድ ባዶ መሆኑ ገረማት። ጠዋት የምትገባው በኋላ በር ነው፤ መዝገብ ቤቱን ሳታልፍ ወንበሯ ላይ ትደርሳለች። የመጀመሪያው ለውጥ ይህ ሆነ። በፊት በር ገብታ፣ በመዝገብ ቤቱ አልፋ፣ የእያንዳንዱን ሰው ደኅንነት ጠይቃ ትቀመጣለች። አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

ሁለተኛው ይቅርታው ነው። መጀመሪያ ጋሼን ለብቻ ቢሮዋ አስጠርታ ይቅርታ ጠየቀች። አልተቀበሉም። «ለብቻዬ አይደለም የተናገርሽኝ» ብለው ወጡ። በሳምንቱ በጠዋቱ ስብሰባ ሁሉም ባለበት «ጋሼ፣ ያን ዕለት በሰው ፊት ያልኩት ቃል ለእርስዎ አይገባም ነበር። የተናገርኩት በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውንም በሰው ፊት እጠይቃለሁ» አለች። ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና «አንቱ ማለት ደግሞ ከየት መጣ? አንተ በይኝ አቦ፤ ሰውዬ ብቻ አትበይኝ» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት ሁለት «የጠፉ» ፋይሎች ተገኙ።

ይቅርታው ብቻውን ቢቀር ኖሮ ወር አይቆይም ነበር። የያዘው ተከትሎት የመጣው አሠራር ነው።

የጠዋቱ ስብሰባ መስኮት ከመከፈቱ በፊት በቁም ይደረጋል፤ ከ12 ደቂቃ አይበልጥም። ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል። ያደረ ጉዳይ የትኛው ነው? ዛሬ ማን የለም? ማን እገዛ ይፈልጋል? በስብሰባው ላይ የማንም ጥፋት በስም አይነሳም። መጀመሪያ ላይ ይህን ሕግ ሁለት ጊዜ ጥሳዋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ባለሙያው በምልክት አስቁሟታል።

እርማት በዚያው ቀን፣ ለብቻ፣ ከ10 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ይሰጣል። ቅደም ተከተሉ የታየው ነገር፣ ያስከተለው ነገር፣ ጥያቄ፣ ስምምነት ነው። «አንቺ ሁልጊዜ ታረፍጃለሽ» አይባልም። «ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ መስኮት ሁለት 40 ደቂቃ ያህል ዝግ ነበር፤ ሰልፉ ደጅ ወጣ። ምን ገጥሞሽ ነው? ከነገ ጀምሮ በስንት ሰዓት ልጠብቅሽ?» ይባላል። ጥያቄው ለይምሰል አይደለም። ይህን የተጠየቀችው ሠራተኛ ልጇን ከትምህርት ቤት የምታመጣበት ሰዓት ከምሳው ጋር እንደሚጋጭ የተናገረችው ያን ጊዜ ነው። ምሳዋ በግማሽ ሰዓት ቀደም አለ፤ ነገሩ አለቀ። ስለ ጫት ምንም ስብከት አልተሰጠም። የሚጠየቀው መስኮቱ በሰዓቱ መከፈቱ ብቻ ነው። ፋይል ፍለጋና ማስተካከል ወደ ጠዋት ተዛወረ፤ ከሰዓት በኋላ ቬንትሌተር ባለበት ክፍል የሚሠራው መጻፍና መመዝገብ ሆነ።

ሰሌዳው ተመለሰ፤ አሁን ግን የሚጻፍበት የሰው ቁጥር ሳይሆን ከአንድ ቀን በላይ ያደረ ጉዳይ ብዛት ነው፤ እሱም በክፍል እንጂ በሰው ስም አይደለም። «ነገ ና» ያለ ሰው ያደረ ጉዳይ ይጨምራል። ስለዚህ ሰሌዳው ራሱ «ነገ ና»ን ውድ አደረገው።

የቋንቋው ጉዳይ በሥራ ዕቅድ ውስጥ ገባ። ሶማልኛና ኦሮምኛ የሚያስተረጉሙ ሠራተኞች ተለዩ፣ የመስኮቶቹ ጽሑፍ በሦስት ቋንቋ ተለጠፈ፣ ማስተርጎም በስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ውስጥ ራሱን የቻለ ነጥብ አገኘ። ኃላፊዋ «ወሬ» ያለቻትን ሠራተኛ ለዚህ ሥራ አስተባባሪ አደረገቻት። ቃል ሳይወጣ የተጠየቀ ይቅርታ ነበር፤ ሠራተኛዋም እንደዚያው ተቀበለችው።

ከሁሉ ይበልጥ ለኃላፊዋ ሥልጣን የሰጣት ግን አንድ ተራ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት ገጽ አለ። በወር ቢያንስ ሁለት ነገር ከነቀኑ ይጻፋል፤ አንዱ የግድ በጎ መሆን አለበት። ሠራተኛው የራሱን ገጽ ሲፈልግ ያያል። ቀድሞ የምዘና ውጤት ለሁሉም ተቀራራቢ ነበር፤ ማስረጃ ስለሌለ ማንም ዝቅ ወይም ከፍ አድርጎ መስጠት አይደፍርም። በደብተሩ ጊዜ ግን ልዩነት መጣ፤ ዝቅ ያለ ያገኘው ሠራተኛም ለክርክር ሲመጣ ቀኑን አይቶ ተመለሰ። በመንግሥት ቤት አለቃ እጅ ያለው ሥልጣን ይህ ነው፤ ምዘና፣ የፈቃድ መርሐ ግብር፣ የሥራ ምደባ፣ ለሥልጠና ማጨት። ከፋብሪካው ያነሰ ይመስላል፤ በማስረጃ ከተያዘ ግን አያንስም።

ያልሠራው

የሐሳብ መስጫ ሣጥን ተሰቀለ። በሁለት ወር ሦስት ወረቀት ገባበት፤ አንዱ የካራሜላ ልጣጭ ነበር። 11 ሰው ባለበት ክፍል የእጅ ጽሑፍ ሁሉ ስለሚታወቅ ሣጥኑ ምስጢር አይጠብቅም።

የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ፎቶ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በሁለተኛው ወር የተመረጠችው ሠራተኛ ራሷ መጥታ እንዲወርድላት ለመነች።

ዓርብ ከሰዓት በመዋጮ ሻይ ይጠጣ የሚል ሐሳብም መጣ። ዓርብ ሙስሊሙ ጁምዓ ላይ ነው፣ ኦርቶዶክሱ ይጾማል፣ ደመወዙ አነስተኛ የሆነው ተላላኪ ደግሞ መዋጮው ይከብደዋል። በሦስተኛው ሳምንት ቀረ። በኋላ ሳይታሰብ የተተካው ተላላኪው ጠዋት ከደጅ በሚያመጣው ሙሸበክ (በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ) እና ሻይ ነው፤ የበላ ይከፍላል፣ ያልበላ አይጠየቅም።

የቴሌግራም ቡድኑም ችግር ነበር። በሰው ፊት ጥፋት አይነሳም ከተባለ በኋላ «በሰው ፊት» ወደ ስልክ ዞረ፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «ዛሬ መስኮት አራትን የዘጋው ማነው?» የሚል መልእክት ይላካል። ቡድኑ ለማስታወቂያ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ይህ በግማሽ ነው የተከበረው፤ ምክንያቱም ጣሹ ኃላፊዋ ሳትሆን የሷ አለቃ ነው። እሱ አሁንም አልፎ አልፎ እሷን ዘልሎ ለመስኮት ሠራተኛ በቀጥታ ትዕዛዝ ይልካል፤ በማግስቱ እሷ ያዘዘችው ከእሱ ጋር ይጋጫል። የቡድን መሪን ጠባይ ሲያርሙ የአለቃውን አለቃ መዝለል በዚህ ጉዳይ ላይ የቀረ ትልቁ ጉድለት ነው።

አንድ ሠራተኛም አልተለወጠም። የቃል፣ ቀጥሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ ደብተሩ ላይ የተጻፈውን አላስተባበለም፤ በራሱ ጥያቄ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። በመልካም ግንኙነት ሁሉም ይስተካከላል ብሎ የሚጠብቅ ይህን ያስታውስ።

ለሌላ ቤት

ከግል ወደ መንግሥት፣ ወይም ከመንግሥት ወደ ግል የሚዛወር ኃላፊ ከሰሌዳና ከስብሰባ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ቢጽፍ ይጠቅመዋል። በእጄ ምን አለ? በሠራተኛው እጅስ ምን አለ? እዚህ ቤት በሠራተኛው እጅ የፋይሉ ቦታና ቋንቋው ነበሩ። ሁለቱም በየትኛውም የሥራ መዘርዝር ላይ አልተጻፉም፤ ክፍሉ ግን የሚሄደው በእነሱ ነው። ያልተጻፈ ሥራ በትዕዛዝ አይገኝም፤ በፈቃድ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መጻፍ ነው።

በተቃራኒው የሚሄደው ሌላ ጉድጓድ ይጠብቀዋል። በሳምንት 39 ሰዓት ከሚሠራበት የመንግሥት ቢሮ እስከ 48 ሰዓት ወደሚሠራበት የግል ድርጅት የገባ ኃላፊ ሁሉን በደብዳቤና በኮሚቴ ማድረግ ይቀናዋል፤ መስመሩ ቆሞ ደብዳቤ ሲረቀቅ ካርቶኑ ይጎድላል። ለእሱ የሚሻለው ወዲያው መናገር ነው፣ ግን ስለ ፌስታሉ እንጂ ስለ ሰውየው አለመናገር። የለቀቁ ሠራተኞችን ቁጥርም በየሩብ ዓመቱ መቁጠር አለበት፤ የግል ድርጅት አቤቱታ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው።

ያለበት ሁኔታ

ከስድስት ወር በኋላ የድሮ ፋይል እንደ ቀድሞው በ10 ደቂቃ ይወጣል። ይህ ግን ጋሼ ስላሉ ነው። ጡረታ ሊወጡ 14 ወር ቀርቷቸዋል። ስለዚህ የፋይል መገኛ መዝገብ ተጀመረ፤ የፋይል ቁጥር፣ የተከፈተበት ዓመት፣ ክፍል፣ መደርደሪያ፣ ደረጃ። ጋሼ ይናገራሉ፣ አንዲት ወጣት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ትጽፋለች፤ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ በቀን 40 ፋይል። ፋይሎቹ ወደ 9,000 ይጠጋሉ፤ ሥራው ካልተቋረጠ 225 የሥራ ቀን ይፈጃል። እስካሁን የፊተኛው ክፍል አልቋል። ምስጥ ከበላቸው መደርደሪያዎች የተዛወሩት ፋይሎች ያሉበት የኋላ ክፍል ገና አልተነካም።